ሦስት ጊዜ ረጭቼ ክሽክሹ ለምን ባሰበት?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ ከቆጪ ሰፈር ነው። ጠያቂዋ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጓሮዬ ስድስት በአምስት ሜትር ትሆናለች። ሐበሻ ጎመን፣ ጥቂት ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲምና ቃሪያ ተክያለሁ። እስከ መስከረም ደህና ነበር። ዝናቡ ሲያባራ የጎመኑን ቅጠል ከሥሩ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነገር ወረረው። ገበያ ወጥቼ በሃይላንድ የተቀዳ መድኃኒት ገዛሁ። ሻጩ ‹ለሁሉም ይሆናል፣ በአንድ መርጫ ሁለት ክዳን ጨምሪበት› አለኝ። መርጫውን ከጎረቤት ተውሼ በየሳምንቱ አንዴ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ረጨሁ። መጀመሪያ ይረግፋል፤ ከዚያ ብሶበት ይመጣል። ጥቅል ጎመኑን ደግሞ ትል እየበሳሳው ነው። የቃሪያው ጫፍም ተጠማዘዘ። የትኛው መድኃኒት ይሻለኛል? ከተረጨስ በስንት ቀን ይበላል?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ አጣዳፊው እሱ ነው።

ሃይላንዱ ላይ ጽሑፍ ከሌለ «በስንት ቀን ይበላል» ለሚለው መልስ የለም። ቀኑን የሚወስነው ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር፣ የተረጨው መጠንና የሰብሉ ዓይነት ነው። አንዱ በጥቂት ቀን ይከስማል። ሌላው ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ዲሜቶኤት የተባለውን የነፍሳት መርዝ የመሳሰሉት ደግሞ ተክሉ ውስጥ ይሰርጋሉ፤ ቅጠሉን ደጋግመው ቢያጥቡት አይወጡም። ሽታው ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። መቀቀልም ቢሆን የተወሰነውን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አሁን ያለውን የጎመን ቅጠል በሙሉ ቀንጥሼ እቀብረዋለሁ። ለዶሮም ለበግም አልሰጥም። ግንዱንና እምቡጡን እተወዋለሁ። ጎመን ደግ ነው፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። አዲሱንም ቅጠል ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላው ድስት ውስጥ አልከትም። ያሳዝናል፣ ይገባኛል። ግን ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ሦስት ጊዜ የጠጣ ጎመን ነው።

አሁን ወደ ክሽክሹ፣ የቅጠሉን ጭማቂ ወደሚመጠው ትንሽ ተባይ። አንድ ቅጠል ይገልብጡና ብርሃን ላይ ይያዙት። አመድ የመሰለው ነገር የክሽክሹ ልብስ ነው። የጎመን ክሽክሽ ገላውን ሰም በመሰለ ነጭ ዱቄት ይሸፍናል። ውኃ ጠብ ቢያደርጉበት ጠብታው ተንከባሎ ይወርዳል። ይህን ልብ ይበሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። ከመሃላቸው ያበጠ፣ ወርቅማ ቡናማ ሆኖ የደረቀ፣ ቢነኩት የማይንቀሳቀስ ካገኙ አይጥረጉት። ያንን ክሽክሽ አንዲት በዓይን የማትሞላ ተርብ እንቁላል ጥላበታለች። ልጇ ከውስጥ በልታው ጀርባውን በስታ ትወጣለች። ቀዳዳዋ ክብ ናት፣ በመርፌ የተበሳች ትመስላለች። ጥቁር ነጥብ ያላት ቀይ ድንቡሽቡሽ ጥንዚዛም እዚያው ትውላለች። ጠቆር ያለው፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ስድስት እግር ያለው ፈጣን ትል ደግሞ የእሷ ልጅ ነው። ሰው ግን ተባይ መስሎት መጀመሪያ የሚጨፈልቀው እሱን ነው።

እንግዲህ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ያለው ነገር በእርግጥም ለሁሉም ሆነ። ክሽክሹንም ገደለ፣ ጥንዚዛዋንም፣ ተርቧንም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሴቷ ክሽክሽ ወንድ አትፈልግም። በእኛ አየር ንብረት እንቁላል መጣልም አያስፈልጋት፤ ልጅ ትወልዳለች። የተወለደችው በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ራሷ ወላጅ ትሆናለች። ተጠቅልሎ በቀረ ቅጠል ውስጥ አምስት ክሽክሽ ብትተርፍ ይበቃል። ጥንዚዛዋ ግን እንዲህ ቶሎ አትተካም። ስለዚህ በየሳምንቱ ሲረጩ ያጸዱት ጠላቶቹን ነው። ክሽክሹ ያለ ከልካይ ሜዳውን ወረሰው።

ይህ ስህተት የእርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እኔም አንድ የጎመን መደብ ላይ ፓይሬትሮይድ የሚባሉትን ዓይነት መድኃኒት አስረጭቼ ነበር። በማግስቱ ንጹሕ ሆኖ ሳየው ደረቴን ነፋሁ። በሦስተኛው ሳምንት የመደቡ ባለቤት የሆኑት እናት ጠርተው ቅጠሉን ገልብጠው አሳዩኝ። ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ነው እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ።

ሌላም ነገር ልጠይቅዎት፤ ዩሪያ ጨምረውበታል? ዩሪያ የበዛበት ጎመን ቅጠሉ ለምለምና ለስላሳ ይሆናል። ክሽክሽ ደግሞ እንዲህ ያለውን ይወዳል። ጉንዳንም ግንዱ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ካዩ፣ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እየላሰ ከጠላት ይጠብቅለታል። የጉንዳኑን መውጫ መዝጋት ለጥንዚዛዋ መንገድ መክፈት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሠላሳ ካሬ ላይ ከማንኛውም ጠርሙስ የሚበልጠው አውራ ጣት ነው። በጣም የተወረሩትን ቅጠሎች ቆርጠው ያስወግዱ። የቀረውን ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዘው ይጨፍልቁት። ጎማ ካለዎት ከሥር ወደ ላይ ውኃ በኃይል ይልቀቁበት፤ የወደቀ ክሽክሽ መልሶ መውጣት ይቸግረዋል። ከዚያ ሳሙና። አንድ ሊትር ውኃ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ኦሞና በረኪና አይሁን፣ ቅጠሉን ያቃጥላሉ። ቅድም ልብ ይበሉ ያልኩት የሰም ልብስ ትዝ አለዎት? ሳሙናው ያንን ልብስ ያሟሟና ገላውን ያገኘዋል። የሚገድለው ግን የነካውን ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ ኃይል የለውም። ስለዚህ ቅጠሉን እየገለበጡ ከሥሩ ማራስ ግድ ነው። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ይደግሙታል። ቀትር ላይ አይርጩ፤ መጀመሪያም ሁለት ቅጠል ላይ ሞክረው እስከ ማግስቱ ይዩት። በዚህ መንገድ የተረጨ ጎመን ታጥቦ ይበላል።

አመድ መነስነስን የሚሉ አሉ። እናቶቻችን ጤዛ ሳይረግፍ ይነሰንሱ ነበር፣ ጥቂት ክሽክሽ ሲሆን ያግዛል። ጅማ ግን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ አንድ ካፊያ ካጠበው ሥራው እንደገና ከሀ ነው። የነጭ ሽንኩርትና የሚጥሚጣ ውሁድም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ይሠራልኛል ይላል፣ ሌላው አልሠራልኝም ይላል። እኔ በሳሙናው እጸናለሁ።

የጥቅል ጎመኑ ትል ሌላ ጉዳይ ነው። ቅጠሉን ይዘው አንዱን ትል በስንደዶ ነካ ያድርጉት። ወደ ኋላ እየተወራጨ ከሸሸና በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ከወረደ፣ ዳይመንድባክ ሞዝ የምንለው የእሳት ራት ልጅ ነው። ትንንሽ ነው፣ አረንጓዴ፣ ከሁለቱም ጫፍ ሾጠጥ ያለ። ሕፃን ሳለ የቅጠሉን አንድ ገጽ ይልጠውና ሌላውን እንደ መስኮት ላስቲክ ያስቀረዋል። ይህ ተባይ መርዝን በመልመድ በዓለም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃቫ ደሴት ላይ ዲዲቲ የተባለውን የነፍሳት መርዝ ተቋቁሞ ተገኝቷል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡትንም አንድ በአንድ ለምዷል። ‹አልሠራ ሲለኝ መጠኑን ጨመርኩ› የሚባለው እዚህ ላይ ነው ገደል የሚከተው። መጠን ሲጨመር የሚሞተው ደካማው ነው። የለመደው ይተርፋል፤ የሚራባውም እሱ ነው።

ለዚህ ትል ከተገኘ የምመርጠው ቢቲ የሚባለውን ነው። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ የሚዘጋጅ ነው። ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው አንጀቱ ይበላሽና መብላት ያቆማል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይሞታል። ጥንዚዛንና ንብን አይነካም። ክሽክሽንም አይነካም፣ ስለዚህ ለእሱ ብለው እንዳይገዙት። ፀሐይ ቶሎ ስለምታበላሸው ሲመሽ ይረጫል፤ ትሉም ሳያድግ መሆን አለበት። ካልተገኘ አሥር ራስ ጥቅል ጎመን ጠዋት ጠዋት እየዞሩ በእጅ መልቀም ይቻላል። ልጆቹ ያግዙ፤ የእኔዎቹ በአንድ ትል ሃምሳ ሳንቲም ይጠይቁኝ ነበር።

ችግኝ ጠዋት ከሥሩ ተቆርጦ ወድቆ ካገኙ ደግሞ ቆራጭ ትል ነው። መርጨት አያስፈልግም። እዚያው የወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ጫር ጫር ያድርጉት፤ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ተኝቶ ያገኙታል። የሃይላንድ ላስቲክ ቆርጠው እንደ አንገትጌ ለችግኙ ቢያጠልቁለት አይደርስበትም። ለሃይላንድ የሚመጥነው ሥራ ይሄ ነው።

ስለ ቲማቲሙ ምንም አላሉም፣ ግን ይመልከቱት። ቅጠሉ ውስጥ ሰፊ፣ ፈዛዛ፣ ያበጠ ነገር ካለና ብርሃን ላይ ሲይዙት ጥቁር ነጥብና ትል ከታየዎት ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የእሳት ራት ልጅ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣ ነው፤ እኛ አገር የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በሁለቱ የቅጠል ገጾች መሃል ስለሚኖር ከላይ የሚረጨው አብዛኛው መርዝ አይደርስበትም። የተያዘውን ቅጠል ቆርጦ በፌስታል አስሮ ፀሐይ ላይ መጣል ነው። ክረምት ላይ ጠቁሮ የሚበሰብሰው ቲማቲም ግን ነፍሳት የለበትም፤ ሰው ምች መታው የሚለው የሻጋታ በሽታ ነው። ለእሱ የነፍሳት መርዝ መርጨት ለራስ ምታት የዓይን ጠብታ እንደማድረግ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኬሚካል ግድ የሚልበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ያኔ በፋብሪካ እንደታሸገ፣ መለያው ያልተነሣ፣ ጊዜው ያላለፈ ይግዙ። መለያው ላይ ከታች ባለ ቀለም መስመር አለ። ቀይ እጅግ አደገኛ ነው። ቢጫው ቀጥሎ ይመጣል። ሰማያዊና አረንጓዴው ዝቅ ያሉ ናቸው። ለቤት ጓሮ ቀዩን ጭራሽ አያስቡት፤ ቢጫውንም ባይጠጉት እመርጣለሁ። ከዚያ ስለ ጎመን ወይም ስለ አትክልት የተጻፈበት መሆኑን፣ ከመጨረሻው ርጭት እስከ መልቀም ስንት ቀን እንደሚል ያንብቡ። ጎመን ላይ ደግሞ ልዩ ችግር አለ፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀነጠሳል። ስለዚህ ከመርጨትዎ በፊት የሚበላውን በሙሉ ይቀንጥሱ። ከዚያ መደቡ ላይ ቀኑን የጻፉበት እንጨት ይትከሉ። ለእርስዎ ብቻ አይደለም፣ ሳይነገራት ጎመን ለምትቀነጥስ እንግዳም ነው።

መጠኑን በክዳን መለካት ይቅር። ክዳን ሁሉ እኩል አይደለም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። መለያው በሄክታር 1 ሊትር መድኃኒት በ400 ሊትር ውኃ ቢል፣ አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። የእርስዎ 30 ካሬ የዚያ ከሺህ ሦስት እጅ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግዎት 3 ሚሊ ሊትር መድኃኒትና 1.2 ሊትር ውኃ ነው። ሦስት ሚሊ! ከፋርማሲ ባለ 5 ሚሊ መርፌ ያለ ሹል ገዝተው «መርዝ» ብለው ጽፈውበት ለዚህ ብቻ ያስቀምጡት። ባለ 15 ሊትር የጀርባ መርጫ ሞልተው ጓሮዋ ላይ ከጨረሱት፣ በሄክታር 5,000 ሊትር እንደማፍሰስ ነው። ባለ ሁለት ሊትር የእጅ መርጫ ይበቃዎታል።

የሚረጨው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው፤ ነፋሱ ይበርዳል፣ ንቦችም ወደ ቀፏቸው ይገባሉ። ለዘር ብለው የተዉት ቢጫ አበባ ያወጣ ጎመን ካለ እሱን አይንኩት፤ ንቡ ሁሉ እዚያ ነው የሚውለው። ደግሞ አሁን ኅዳር ነው። እርስዎ ባያሰጡ እንኳ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት ቡና አስጥቶ ይሆናል። ሰሌኑ ላይ ያለው ቡና ይሸፈን፣ የተሰጣው ልብስም ይግባ፣ ዶሮዎቹም ይዘጋባቸው። ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ልብሱ ከልጆቹ ልብስ ጋር አይታጠብ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ከዚህ ሥራ ትራቅ።

ቤት ውስጥ ያለውን ሃይላንድ አሁኑኑ ከልጆች እጅ ያርቁት። ይህን ጽሑፍ እስኪጨርሱም አይጠብቁ። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውኃ ነው የሚታየው። ክዳኑን አጥብቀው፣ ላዩ ላይ በትልቁ «መርዝ» ብለው ጽፈው፣ በቁልፍ ይዝጉበት። ሽንት ቤት ወይም አዌቱ ወንዝ ውስጥ እንዳይደፉት። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አሳይተው እንዲረከብዎት ይጠይቁ። ባዶ የቀረውን ላስቲክ አጥበው ለዘይት አይጠቀሙበት፤ ይብሱት።

ይህን ያህል የምጨነቀው በከንቱ አይደለም። ኢትዮጵያ ቶሎ የማይከስሙ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚገድበውን የስቶክሆልምን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 አጽድቃለች፤ ዲዲቲ ለእርሻ ክልክል ነው። ሆኖም ጅማ አካባቢ ተወስደው በተመረመሩ የበቆሎ፣ የጤፍ፣ የበርበሬና የቡና ናሙናዎች ላይ ቅሪቱ ተገኝቷል። በላስቲክ የተቀዳ ነገር ውስጥ ምን እንዳለ ከላይ አይታይም።

ከረጩ በኋላ ወይም ልጅ ቀምሶ ምራቅና እንባ ከበዛ፣ ላብ ካጠመቀ፣ ካስመለሰ፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ጊዜ አይፍጁ። ልብሱን አውልቀው ገላውን በሳሙናና በውኃ ይጠቡት፤ ሐኪም ቤት ይሩጡ። ዕቃውን ይዘው ይሂዱ። በግድ አያስመልሱት። ወተትም አያጠጡ፤ መርዝ ያረክሳል የሚባለው ልማድ እዚህ ላይ አይረዳም።

ቃሪያው ቀርቷል። በክሽክሽ ነው ብለው ጠርጥረው ይሆናል። ሊሆን ይችላል፤ ቅጠሉን ገልብጠው ካዩት ይለያል። ነገር ግን ከሥሩ ምንም ከሌለ፣ አዲሱ ቅጠል ብቻ ጠብቦ እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ፣ የቲማቲሙም ጫፍ አብሮ ከታጠፈ፣ እና ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ የጀመራቸው ከሆነ፣ ጥርጣሬዬ ተባይ ላይ አይደለም። መርጫው ላይ ነው። ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት መርጫ ውስጥ ጥቂት ከቀረ ቃሪያና ቲማቲምን እንዲህ ያደርጋል፤ በውኃ ብቻ ለቅለቅ ቢደረግ አይለቅም። ጎረቤትዎን በዘዴ ይጠይቋቸው፤ በዚህ ክረምት ጤፍ ወይም በቆሎ ላይ የአረም መድኃኒት ረጭተውበት ነበር ወይ?